ከልጆች ጋር ወደ ላንጋኖና ሐዋሳ፦ ዕቅዱን ከትንሹ ልጅ ቀን መጀመር

የቤተሰብ ዕረፍት ሲታሰብ አብዛኞቻችን ከቦታ እንጀምራለን። «ላንጋኖ እንደር፣ ሐዋሳ እንዋል፣ ወንዶ ገነትም ደርሰን እንመለስ» እንላለን። እኔ ሦስት ልጆች ይዤ ያንን መንገድ ከተመላለስኩ በኋላ የማምነው ሌላ ነው። ዕቅዱ መነሣት ያለበት ከትንሹ ልጅ ቀን ነው። ስንት ሰዓት ይነቃል? መቼ ይርበዋል? ከምሳ በኋላ ይተኛል? ሽንቱ ሲመጣ ምን ያህል ይታገሣል? የመነሻ ሰዓቱን፣ ማደሪያውን፣ በጀቱን ሳይቀር የሚወስነው የእነዚህ መልስ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ለታናሹ ሲል መታገሥ ይችላል። የሦስት ዓመቱ ግን ለማንም ሲል እንቅልፉን ማሳለፍ አይችልም።

ምሳሌ የማደርገው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ላንጋኖ ሁለት ሌሊት፣ ሐዋሳ ሁለት ሌሊት የሚታደርበትን የአምስት ቀን ጉዞ ነው። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አርባ ምንጭ ለምታስቡም አሠራሩ ያው ነው፤ ርቀቱና የአየር ጠባዩ ብቻ ይለያያል።

ቀኑን መቁረጥ

ለዚህ መንገድ የምወደው ጊዜ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ መካከል ያለው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነው። ዝናብ የለም፣ ቀኑ ብሩህ ነው፣ ማታ ማታ ደግሞ ሹራብ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው። ክረምቱ ረጅም ዕረፍት ቢሆንም ሐምሌና ነሐሴ ላይ ልጆች መስኮት ላይ ተለጥፈው ዝናብ የሚቆጥሩበት ቀን ይበዛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ አረንጓዴና ውብ ነው፤ ነገር ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ ወባ የሚበረታበት ወቅት ስለሆነ ሕፃን ይዤ አልመርጠውም።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው። ሐዋሳ ገብርኤል ከየአገሩ ምእመን ስለሚሰበሰብ ከተማው ይሞላል። ለንግሡ ብላችሁ የምትሄዱ ካልሆነ በስተቀር ከእነዚህ ቀኖች ራቁ፤ አልጋ ማግኘትም ዋጋውን መቻልም ይከብዳል። ጿሚ ወላጆች ደግሞ የዓቢይ ጾም መግቢያን ዓመተ ምሕረቱን አይታችሁ አረጋግጡ። እናንተ የጾም፣ ልጆቹ የፍስክ የሚበሉ ከሆነ ማደሪያው ሁለቱንም የሚያዘጋጅ መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ትምህርት ቤቱ ዕረፍት የሚሰጥበትን ትክክለኛ ቀን እወቁ። ትምህርት ከሚጀመርበት ሰኞ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ቤት ውስጥ እንዲተርፋችሁ አድርጉ። እሑድ ማታ ደክሞ የገባ ልጅ ሰኞ ጠዋት ደብተር ሲሸከም ማየት ያሳዝናል።

ገንዘቡን በወረቀት

ዋጋ በየጊዜው ስለሚቀያየር እዚህ ቁጥር ባስቀምጥ ከጥቂት ወራት በኋላ አይጠቅማችሁም። ስሌቱን ግን ላሳያችሁ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልስ 550፣ ወደ ፓርኩና ከተማ ውስጥ የምትዞሩት 150 ቢሆን በድምሩ 700 ኪሎ ሜትር። መኪናችሁ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚፈጅ ከሆነ 70 ሊትር ነዳጅ ማለት ነው። በዕለቱ ዋጋ አባዙትና የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ጨምሩ። ይህ የመንገድ ወጪያችሁ ነው።

ትልቁ ወጪ ማደሪያው ነው። ስትደውሉ «ዋጋው ከነቫቱና ከነሰርቪስ ቻርጁ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ አገልግሎቱ ሲታከልበት በስልክ የሰማችሁትና ደረሰኙ ላይ የምታዩት ለየቅል ይሆናል። ቁርስ ለስንት ሰው እንደሚያካትትም ጠይቁ። ብዙ ቦታ ለሁለት ሰው ብቻ ነው፤ የልጆቹ ለብቻ ይታሰባል።

እኛ ቤት የዕረፍቱ ገንዘብ የሚጠራቀመው በዕቁብ ነው። ዕጣው ሲደርስ በአራት ይከፈላል፦ ለመንገድ፣ ለማደሪያ፣ ለምግብ፣ አራተኛው ደግሞ የማይነካ። የማይነካው ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ይሁን። ጎማ ሊፈነዳ፣ ልጅ ሊታመም፣ መንገድ ተዘግቶ አንድ ሌሊት ሊታደር ይችላል። ካልተነካ ለሚቀጥለው ዓመት ዕቁብ መነሻ ይሆናል።

ማደሪያ ስትይዙ

አንድ ዓመት ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላንጋኖ አካባቢ ወዳለ ማደሪያ ደውዬ «ጥር 25 እንገባለን» አልኩ። እሺ ተባልኩ፤ ቀብድም ላክሁ። የስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ ሕፃን በእቅፌ ተኝቶ፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ስንደርስ መዝገቡ ላይ ስማችን የሰፈረው ጃንዋሪ 25 ላይ ነበር። በፈረንጆቹ አቆጣጠር እኛ የደረስነው ፌብሩዋሪ 2 ስለሆነ ስምንት ቀን ዘግይተናል። ክፍል የለም። ትልቋ ልጄ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ «እማ፣ ወደ ቤት ልንመለስ ነው?» ያለችኝ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በዚያ ቀን ሌላ ቦታ እስክናገኝ አሥር ሰዓት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ቀን የምናገረው በሁለቱም አቆጣጠር ነው፤ ከነዕለቱ። «እሑድ፣ ጥር 25፣ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 2» ብዬ። ከስልኩ በኋላ ያንኑ በጽሑፍ እልካለሁ፤ መልሳቸውንም አስቀምጣለሁ። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ስምንት ሰዓት መግባት ትችላላችሁ» ከተባላችሁ የሀበሻ ነው የፈረንጅ ብላችሁ አረጋግጡ። ቀብዱን በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፤ የመጣላችሁን የማረጋገጫ መልእክት አታጥፉ። ከመነሣታችሁ ሦስት ቀን በፊት ደግማችሁ ደውሉ።

ልጆች ላሉት ሰው የሚጠየቀው ጥያቄ ከሌላው ይለያል። ክፍሉ ምድር ቤት ነው ወይስ ደረጃ አለው? በረንዳው አጥር አለው? መዋኛው የተከለለ ነው ወይስ ከክፍሉ በር ወጥቶ የሚገባበት? አልጋው አጎበር አለው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሣል? ሙቅ ውኃ ማታ አለ? ለሕፃን ገንፎ ወይም አጥሚት ማሞቅ ይፈቅዳሉ? ተጨማሪ ፍራሽ ስንት ነው? መልሱ ላይ የሚያመነታ ካለ ሌላ ቦታ ደውሉ።

ሞግዚት ወይም የቤት ሠራተኛ አብራችሁ የምትሄድ ከሆነ የእሷንም አልጋ፣ ምግብና የዕረፍት ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ። ለእሷም ሐይቁን ቁጭ ብላ የምታይበት ግማሽ ቀን ይገባታል።

ጤና፦ ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ላንጋኖ 1,600 ሜትር ግድም፣ ሐዋሳ ደግሞ 1,700 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ አለ ብላችሁ ተዘጋጁ። ደገኛ ልጆቻችን ወባን አያውቋትም፤ ሰውነታቸውም አልለመዳትም። ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች። ከውጭ አገር ልጆች ይዘው ለሚመጡ ዘመዶቻችሁም ይህን ንገሯቸው። የወባ መከላከያ መድኃኒት ከጉዞ በፊት የሚጀመር ስለሆነ ከሚኖሩበት አገር ሐኪም ጋር ቀደም ብለው መነጋገር አለባቸው።

አጎበር ከቤት ያዙ፤ ማደሪያው አለ ቢልም ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ልጆቹን ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ አልብሱ፤ የትንኝ መከላከያ ቅባቱን ደግሞ እናንተ ቀቡላቸው። ሕፃናት እጃቸውን አፋቸው ስለሚያስገቡ እጃቸው ላይ አይደረግም።

ሁለተኛው ሐይቁ ነው። ላንጋኖ ለመዋኛ የሚመረጠው ቢልሃርዚያ (ውኃ ውስጥ ሲገባ በቆዳ በኩል የሚይዝ የትል በሽታ) የሌለበት ሐይቅ ተብሎ ስለሚታወቅ ነው። ዝዋይና ሐዋሳ ሐይቆች ላይ ግን በሽታው መኖሩ የታወቀ ነው፤ ሐዋሳ ደግሞ ጉማሬም አለ። ስለዚህ በቤታችን ደንብ ሐዋሳ ሐይቅ የሚታይ እንጂ የሚነከርበት አይደለም። ልጆቹ መንቦራጨቅ ከፈለጉ የሆቴል መዋኛ አለ።

ሦስተኛው ተቅማጥና ትውከት ነው። ኦአርኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የተቅማጥ ዱቄት) አራት አምስት ፓኬት ያዙ። ካለቀባችሁ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ ስድስት ልክ ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ ስጡ። ጨው አይብዛ። ሕፃኑ ፈዞ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሽንቱ ከጠፋ ሆቴል ውስጥ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ሻንጣው

እያንዳንዱ ልጅ ለየቀኑ አንድ ቅያሪ፣ ሁለት ደግሞ ተጨማሪ። የየቀኑን ልብስ ከነውስጥ ልብሱ ጠቅልላችሁ በአንድ ፌስታል አስሩት፤ ጠዋት አንዱን ፈትቶ ማልበስ ነው። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ትንሿ ቦርሳ ናት፤ ከእግራችሁ ሥር የምትቀመጠው። በእሷ ውስጥ ሶፍት፣ ዳይፐር፣ አንድ ቅያሪ ለልጁ፣ አንድ ከላይ የሚለበስ ለእናንተ (ልጅ ሲያስመልስ በራሱ ላይ ብቻ አይደለም)፣ ፌስታል፣ ውኃ፣ ሕፃኑ የለመደው ጨርቅ ወይም አሻንጉሊት ይግባ። መድኃኒቱም እዚያው፦ በልጆቹ ኪሎ ልክ የተጠየቀ ፓራሲታሞል፣ ቴርሞሜትር፣ ፕላስተር።

የወላጆች መታወቂያና የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ አይረሳ። በተለይ አንዱ ወላጅ ብቻ ወይም አያት ይዟቸው የሚሄድ ከሆነ።

መንገዱ

ነዳጅ ከዋዜማው ቅዱ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ልጅ ማስጠበቅ ጉዞውን ሳይጀመር ያደክመዋል። ጎማና ተጠባባቂ ጎማውን፣ ፍሬኑን አሳዩ። የመንገዱን ሰላም ትናንት ከተመለሰ ሰው ጠይቁ፤ ሾፌሮች ከማንም በተሻለ ያውቁታል። ማታ አትንዱ።

ትንሹ ልጅ የሚነቃው ጠዋት 12 ሰዓት ከሆነ መነሻው 11 ተኩል ይሁን። ከነፒጃማው ተሸክማችሁ መኪና ውስጥ አስገቡት፤ እስከ ሞጆ ሊተኛ ይችላል። ታዲያ ሁሉም ሰው ከቤት ሳይወጣ ሽንት ቤት ይግባ። በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ ፍጥነት መንገዱ ከገባችሁ በኋላ «እማ ሽንቴ» ቢመጣ እንደ ድሮው መንገድ ዳር ማቆም የለም፤ ዳርቻው ለአደጋ ጊዜ ብቻ ነው። ሞጆ ላይ ወደ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ትቀጥላላችሁ። ቁርስ ባቱ ብናደርገው ይመቸናል፤ ልጆቹ ያኔ ነቅተዋል፣ ርቧቸዋልም።

ከባቱ በኋላ መንገዱ ጠባዩ ይለወጣል። በቡልቡላ አድርጎ ወደ ላንጋኖ የሚሄደው ተራ አስፋልት ነው። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብት የሚነዳ ሕፃን በየመቶ ሜትሩ ይገባል። ፍጥነት ቀንሱ። በካርታ ላይ ያለውን ሰዓት ትታችሁ በየአንድ ሰዓት ተኩሉ አሥራ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ጨምሩበት።

ልጆች ከኋላ፣ በቀበቶ ይቀመጡ፤ ትንንሾቹ በራሳቸው የልጅ ወንበር። ሕፃን ታቅፎ ከፊት መቀመጥ ለምደነው ይሆናል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ግን ማንም እናት በክንዷ ልትይዘው አትችልም። ሚኒባስ ከነሾፌሩ የምትከራዩ ከሆነም የኋላ ወንበሮቹ ቀበቶ እንዳላቸው በዓይናችሁ አይታችሁ ተዋዋሉ፤ የሾፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነም እዚያው ጨርሱ።

የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ከመነሣቱ በፊት ወተትና ቅባት የበዛበት ነገር አይብላ፤ ደረቅ ዳቦ ይበቃዋል። መሃል ወንበር ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ይመልከት። ስልክና ታብሌት የማቅለሽለሹ ወዳጆች ናቸው። እኛ የምንጫወተው እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» እየተባባሉ፣ ያልቻለው አገር ሲሰጥ፣ ከቡልቡላ ላንጋኖ ሳይታወቅ ይደረሳል። አያት አብራ ካለች ደግሞ የእንቆቅልሽ ስንቅ አያልቅም።

ሐይቁ ዳር፦ ኮፍያው የማን ነው?

የላንጋኖ ውኃ ቡናማ ነው። ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ በውስጡ የተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው ቀለሙን የሰጠው። ወላጅ ከዚህ መረዳት ያለበት ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ በዚያ ውኃ ውስጥ ጉልበት ድረስ የገባ ልጅ እግሩ አይታይም፤ ቢሰምጥም አይታይም። የሚሰምጥ ልጅ ደግሞ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

ትልቁ አደጋ ብዙ ሰው ባለበት ነው። አጎት፣ አክስት፣ አባት፣ ሞግዚት ሁሉም አሉ፤ ሁሉም ሌላው እያየ ነው ብሎ ያስባል። እኛ ያገኘነው መፍትሔ አንድ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ነው። ኮፍያውን ያደረገ ሰው ጠባቂ ነው፤ ስልክ አይዝም፣ አያወራም፣ ቢራ አይጠጣም፣ ትንሹ ልጅ ውኃ ውስጥ ካለ እጁ በሚደርስበት ርቀት ይቆማል። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ወደ ባለቤቴ ሄጄ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደርጋለሁ፤ «ሦስቱም ውኃ ውስጥ ናቸው፣ ትንሹ ከግራ» እለዋለሁ፤ እሱም አይቷቸው «አየኋቸው» ይለኛል። ያን ቃል ሳልሰማ ፊቴን አላዞርም። ልጆቹም ለምደውታል፤ ውኃ ሳይገቡ «ኮፍያው የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ራስ ላይ ባርኔጣ ከሌለ መግባት የለም።

በክንድ ላይ የሚነፋ ፕላስቲክ ጠባቂ አይደለም፤ ይፈነዳል፣ ይወልቃል። ማደሪያው ከከለለው ዳርቻ ውጭም አትግቡ። ፀሐይዋ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትበረታለች፤ ያ ሰዓት የምሳና የእንቅልፍ ነው።

በቀን አንድ ነገር

በአንድ ቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ፣ እሱም ጠዋት። ለላንጋኖው ቀን የአብጃታ ሻላ ፓርክ ይበቃል። መግቢያው ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ሰጎንና ሚዳቋ ከአስጎብኚ ጋር በእግር እየሄዱ ይታያሉ። ሻላ ዳር የሚፈልቀው ፍል ውኃ ቆዳ ይልጣል፤ ትንንሾቹን እጃቸውን ሳትለቁ ውሰዱ። ለትልልቆቹ የሻላን ጥልቀት ንገሯቸው፦ ከ250 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃ 209 ሜትር ነው። «ሕንፃው ቢገባበት ጫፉም አይታይም?» ብሎ ልጄ ሐይቁን ያየበት አስተያየት ከፎቶ በላይ ነው።

ሐዋሳ ላይ የጠዋቱ ቦታ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ነው። በማለዳ ሂዱ። ጀልባዎቹ ገብተው፣ ዓሣው እየተበለተ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ ካፖርት ለብሰው ተሰልፈው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ከአምስት ዓመት ልጅ አያንስም፤ ምንቃራቸውም ኃይለኛ ነው፤ ትንሽ ልጅ በእጁ ዓሣ ይዞ አይቅረባቸው። ጥሬ ዓሣ ቢቀርብላችሁ ለልጆች አትስጡ፤ የተጠበሰው አለ። ጦጣና ጉሬዛም በዛፎቹ ላይ አሉ፤ ጦጣዎቹ ሙዝና ብስኩት ከልጅ እጅ ይቀማሉ፤ ቦርሳ ዝጉ።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ይተኛ። የማይተኛው ትልቅ ልጅ ከአባቱ ጋር ለብቻው ወጥቶ በሐይቁ ዳር ይራመድ ወይም ታቦር ተራራን ይውጣ። ከሦስት ልጆች መሃል አንዱ ወላጁን ለአንድ ሰዓት ለብቻው ማግኘቱ ለእሱ የጉዞው ትልቁ ስጦታ ነው።

ከተመለሳችሁ በኋላ

የወባ ምልክት ትንኟ ከነከሰች ቢያንስ ከሳምንት በኋላ ነው የሚታየው፤ አንዳንዱ ዓይነት ወራት ይቆያል። ልጁ ትምህርት ከጀመረ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ቢይዘው «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱትና ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ላንጋኖና ሐዋሳ አድረን መጥተናል» በሉት፤ ከነቀኑ ንገሩት፣ የደም ምርመራም እንዲደረግለት ጠይቁ። የሄዳችሁበትንና የተመለሳችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት፤ ልጁን የሚወስደው አያት ወይም ጎረቤት ሊሆን ይችላል።